ከአይቲኤፍ ወደ ወርልድ ቴኳንዶ መዛወር፦ አቋቋሙ የሚለየው የቱ ጋ ነው? ቀበቶውስ ይቆጠራል?

አረንጓዴ_ቀበቶ፦

ሰላም ለሁላችሁም። አይቲኤፍና ወርልድ ቴኳንዶ ሁለቱ የቴኳንዶ ቤቶች ናቸው። በአይቲኤፍ 6ኛ ጉፕ (ጉፕ ከጥቁር ቀበቶ በታች ያለ ደረጃ ነው)፣ ማለትም ሙሉ አረንጓዴ ላይ የደረሰ ሰልጣኝ ወርልድ ቴኳንዶ ወደሚሰጥ ክለብ ሲዛወር ምን ምን ማስተካከል እንዳለበት በዝርዝር የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ።

በተለይ ግራ የሚያጋባው የእግር አቋቋሙ ነው። አንዱ ቤት ረጅሙ የፊት አቋቋም ላይ «ክብደትህ እኩል ለእኩል ይሁን» ይላል፤ ሌላው ቤት «ወደ ፊት ጫን በል» ይላል። ፈተና ላይ ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ይታያል። ፍልሚያ ሲጀመር ግን እንደዚያ የሚቆም ሰው አይታይም። ታዲያ ለፈተና የሚጠየቀው ለምንድን ነው? አረንጓዴው ቀበቶስ ይቆጠራል ወይስ እንደገና ከነጭ ይጀመራል? የቀለሞቹ ትርጉም ሁለቱም ዘንድ አንድ ነው?

«እንደተመቸህ ቁም» የሚል መልስ በቂ አይደለም። ልኩን በጫማና በፐርሰንት የሚያውቅ ካለ አደራ።

ቱምቢ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስሙን እናጥራው፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ከስም ነው። በአይቲኤፍ «ጉኑን ሶጊ» ቃል በቃል የእርምጃ አቋቋም ማለት ነው፤ ግን ረጅሙ አቋቋም እሱ ነው። የወርልድ ቴኳንዶ ክለቦች በሚከተሉት በኩኪዎን (የሴኡሉ የቴኳንዶ ማዕከል) መማሪያ ደግሞ የእርምጃ አቋቋም የሚባለው አጭሩ «አፕ ሶጊ» ነው፤ አንድ ሰው መንገድ ላይ እየሄደ ድንገት ቁም ሲባል የሚቆመውን ይመስላል። ረጅሙ «አፕኩቢ» ይባላል። አዲሱ አሰልጣኝ «የእርምጃ አቋቋም» ሲል አጭሩን ፈልጎ ይሆናል፤ አንተ ረጅሙን ይዘህ ትቆማለህ። አጭሩ ለአንተ አዲስ ነው፣ ብዙ ልምምድ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ርዝመቱ አንድ እርምጃ ወይም ሦስት ጫማ ያህል ነው፣ ሁለቱም ጉልበቶች ሳይታጠፉ፣ ክብደት 50 በ50። ጫማ ስል የራስህን እግር ርዝመት ማለቴ ነው፤ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ጫፍ።

አሁን ረጅሙን እናነጻጽር። የአይቲኤፉ ጉኑን ሶጊ ከአውራ ጣት እስከ አውራ ጣት አንድ ተኩል የትከሻ ስፋት ይረዝማል፤ ወደ ጎን ከአንዱ እግር መሐል እስከ ሌላው መሐል አንድ የትከሻ ስፋት አለው። የፊት እግር ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ያያል፤ የኋላው 25 ዲግሪ ወደ ውጭ ይዞራል። የፊት ጉልበት የሚታጠፈው የጉልበት ሎሚ ከተረከዙ በላይ በቱምቢ እስኪገጥም ብቻ ነው። ክብደት 50 በ50።

የኩኪዎኑ አፕኩቢ ርዝመት አንድ ተኩል እርምጃ ነው፤ ከአራት እስከ አራት ተኩል ጫማ። ወደ ጎን ግን ጠባብ ነው፤ በእግሮቹ የውስጥ ጠርዝ መካከል አንድ ጡጫ ያህል። የኋላው እግር ከ30 ዲግሪ በላይ አይዞርም። የፊት ጉልበት ጠለቅ ብሎ ይታጠፋል፤ ቆመህ ወደ ታች ስታይ ጉልበትህ የእግርህን ጣቶች ጫፍ መሸፈን አለበት። ክብደት ሁለት ሦስተኛው ፊት ላይ፣ አንድ ሦስተኛው ኋላ።

ሁለቱን የሚለያቸው እንግዲህ ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በክር ጫፍ ጠጠር እሰርና ከጉልበትህ ሎሚ ላይ አንጠልጥለው። ጠጠሩ ተረከዝህ አጠገብ ካረፈ የአይቲኤፉን ይዘሃል፤ ጣቶችህ ጋ ካረፈ የኩኪዎኑን። ጉልበት ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ክብደቱም አብሮት ይሄዳል። «ወደ ፊት ጫን በል» ሲባል ብዙ ተዛዋሪ ደረቱን ያዘነብላል፤ ያ ስህተት ነው። ወገብህ እንደ ቆመ ይቆይ፣ የሚገፋው ጉልበቱ ነው።

ምክንያት አለው። አይቲኤፍ ሲራመድ ሰውነቱን ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ እያደረገ ነው፤ ሳይን ዌቭ የሚሉት። ምቱ የሚያርፈው ሰውነቱ ወደ መሐል በሚወርድበት ቅጽበት ስለሆነ ክብደቱ መሐል ላይ ይቀራል። በኩኪዎን ፑምሴ (ተራው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምድ) ግን ዳሌ በአንድ ከፍታ ይሄዳል፤ ራስህ ላይ ሰሃን እንደተሸከምክ አስብ። ኃይሉ የሚመጣው ዳሌን በማዞርና ወደ ፊት በመግፋት ነው። የአይቲኤፍ ተዛዋሪ ፑምሴ ሲሠራ ፈታኝ ቶሎ የሚያየው ይህን ከፍ ዝቅ ማለት ነው፤ ከእግር ልኩ በፊት እሱን አርም።

የኋላ አቋቋሙ ላይ ሁለቱ ቤቶች ይቀራረባሉ። የአይቲኤፉ ኒውንጃ ሶጊ ከኋላ እግር የውጭ ጠርዝ እስከ ፊት እግር ጣት አንድ ተኩል የትከሻ ስፋት አለው፤ ሁለቱም እግሮች 15 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ 70 ኋላ፣ 30 ፊት። የኩኪዎኑ ድዊትኩቢ አንድ እርምጃ ይረዝማል፤ እግሮቹ 90 ዲግሪ ይሠራሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይገቡም። ክብደቱ ያው 70 በ30 ገደማ ነው። ለአንተ የሚቀርህ ያቺን 15 ዲግሪ መተው ነው፤ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን የለመደ እግር በቀላሉ አይተዋትም።

የፈረሰኛ አቋቋሙ፣ ማለትም አኑን ሶጊ ወይም ጁቹም ሶጊ፣ ብዙ አያስቸግርም። አንድ ተኩል የትከሻ ስፋት የነበረው በእግሮቹ መካከል ሁለት ጫማ ይሆናል፤ እግሮቹ ትይዩ፣ ክብደቱ እኩል።

ቅልጥም፦

ቱምቢ ልኩን በደንብ አስቀምጦታል። ፐርሰንቱን በዓይን መገመት ግን ከባድ ነው፤ የሚያዋጣው በሚዛን መለካት ነው። ሁለት ተመሳሳይ የሰው ሚዛኖች ወለል ላይ አድርጉና አንድ አንድ እግር አሳርፉባቸው። ከፍታቸው እኩል መሆን አለበት። 60 ኪሎ የሆነ ሰው በጉኑን ሶጊ 30 በ30 ያነባል፤ በአፕኩቢ ፊት 40፣ ኋላ 20፤ በኋላ አቋቋም ደግሞ ኋላ 42፣ ፊት 18። ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ ሌላ ሰው ቁጥሩን ያንብብ፤ ራስ ወደ ታች ሲያጎነብስ ክብደቱ ወዲያው ይቀየራል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተለካ ሰው እግሩ ውስጥ ስሜቱን ይይዘዋል፣ ከዚያ ሚዛን አያስፈልገውም።

አሁን የሚበላሹትን ልናገር፤ ጉልበት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና።

አንደኛው የፊት ጉልበት ወደ ውስጥ መውደቅ ነው። ጉልበት ሁልጊዜ ከእግሩ ሁለተኛ ጣት ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት። የሚወድቀው የዳሌ የጎን ጡንቻ ሲደክም ወይም የእግር ቅስት ወደ ወለል ሲተኛ ነው። ማረሚያው ሦስት ነጥቦችን ወለሉ ላይ አጥብቆ መያዝ ነው፤ ተረከዝ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው አጥንትና ከትንሿ ጣት ሥር ያለው አጥንት። የአውራ ጣቱ ሥር ሳይነሳ ጉልበቱን ትንሽ ወደ ውጭ ግፉት።

ሁለተኛው የኋላ እግር ከልክ በላይ መዞር ነው። 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚያዞሩ ብዙ ናቸው። ዳሌያቸው ወደ ፊት ሲያይ እግሩ ወደ ጎን ያያል፤ ጠመዝማዛው መሐል ላይ ባለው ጉልበት ላይ ያርፋል። ጉልበት ደግሞ እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ለመታጠፍና ለመዘርጋት እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም። በውስጥ በኩል የሚሰማ ሕመም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ሕመም ካለ ርዝመቱን በግማሽ ጫማ አሳጥራችሁ አንግሉን አስተካክሉ። ትክክለኛ አንግል ያለው አጭር አቋቋም ከተጠመዘዘ ረጅም ይሻላል።

ሦስተኛው በኩኪዎኑ ጠባብነት ሰበብ በአንድ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው መቆም ነው። አንድ ጡጫ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። ወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ ሆነው መስመሩን ሳይረግጡ ይለፉ። የሚረግጠው በዞረ ቁጥር ይንገዳገዳል፤ አቅጣጫ መቀየሪያዎቹ ላይ በግልጽ ይታያል።

በፈረሰኛው አቋቋም መቀመጫ ወደ ኋላ መውጣትና ደረት ወደ ፊት መውደቅ የተለመደ ነው። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ተረከዝን ከግድግዳው ትንሽ አርቆ፣ በእያንዳንዱ ዙር 30 ሴኮንድ፣ ሦስት ዙር መቆም ያርመዋል።

አረንጓዴ_ቀበቶ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁም ተባረኩ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ በረጅሙ አቋቋም የኋላ ተረከዝ እየተነሳ ሲያስቸግር ምክንያቱ ምንድን ነው? ማሳጠር ብቻ ነው መፍትሔው? የፍልሚያውንም ጥያቄ አትርሱብኝ።

ቅልጥም፦

ተረከዝ የሚነሳው የባት ጡንቻ ስለሚያጥር ነው፣ በተለይ እግር ተዘርግቶ ሲቆም። ግድግዳ ገፍቶ፣ የኋላ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ተረከዝ ወለል ላይ ተጣብቆ፣ በየእግሩ 30 ሴኮንድ ሦስት ጊዜ። ልምምድ ከማለቁ በፊት ሰውነት ሞቆ ሳለ ይሠራ እንጂ በጠዋቱ ቀዝቃዛ እግር ላይ አይሁን። እስኪለቅ ድረስ ማሳጠር ተገቢ ነው። ተረከዙ ተነስቶ የተሠራ ጡጫ የሚገፋበት መሬት የለውም፤ ተቀባዩ ሲከላከል ወደ ኋላ የሚሄደው መቺው ራሱ ነው።

ክፍት_ዝግ፦

የፍልሚያውን እኔ ልመልስ።

የፍልሚያ አቋቋምን የሚወስነው ሕጉ ነው። በወርልድ ቴኳንዶ ከወገብ በታች መምታት ክልክል ነው፤ ጭንቅላትን በጡጫ መምታትም ክልክል ነው። ግንድ (ደረትና ሆድ) ላይ ጡጫ 1 ነጥብ፣ ግንድ ላይ እርግጫ 2፣ ጭንቅላት ላይ እርግጫ 3፤ ዞሮ ሲመታ ግንዱ 4፣ ጭንቅላቱ 5 ይሆናል። እግር ላይ የሚመታህ ስለሌለ የፊት እግርን ከፊት ማቆም አያስፈራም፤ ፊትህን በጡጫ የሚመታ ስለሌለ እጅ ዝቅ ማለት ይችላል። ስለዚህ ጎን ለጎን የዞረ ጠባብ አቋቋም ያዋጣል። ታይ ቦክስን ብታይ ጭን ላይ እርግጫ ስለሚፈቀድ ተፋላሚው ፊት ለፊት ይቆማል፤ የፊት እግሩን ቶሎ ማንሳት አለበትና። አይቲኤፍ ደግሞ ፊትን በእጅ መምታት ይፈቅዳል። ለዚህ ነው የአይቲኤፍ ልጅ እጁ ከፍ የሚለው፤ ሲዛወር ያንን አይተው፣ የሚጎዳው ነገር የለም።

አቋቋሙ እንዲህ ይያዛል። እግሮችን በትከሻ ስፋት አስቀምጥ፣ አንዱን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ውሰድ፣ ሰውነትህን 45 ዲግሪ አዙር። ሁለቱም ጉልበቶች ለስለስ ብለው ይታጠፉ። የኋላው ተረከዝ ወረቀት እንዲያልፍበት ያህል ከወለሉ ይነሳ። ክብደት 50 በ50። የፊት እጅ ደረትና አገጭ መሐል፣ የኋላው አገጭ አጠገብ፣ ክርኑ የጎን አጥንትን ይሸፍን። በፊት እግር የምትጫወት ከሆነ እግሮቹን በግማሽ ጫማ አጥብብና የበለጠ ወደ ጎን ዙር፤ የፊት ጉልበት ወዲያው የሚነሳው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪው የሚስተው ትልቁ ነገር የተቃራኒው አቋቋም ነው። ሁለታችሁም ግራ እግር ካስቀደማችሁ ዝግ ነው። አንዱ ግራ፣ ሌላው ቀኝ ካስቀደመ ክፍት ነው። በክፍት አቋቋም የእሱ ደረት ወደ ኋላ እግርህ በኩል ይከፈታል፤ የኋላ እግር ዙሪያ እርግጫ ቀጥታ ግንዱ ላይ ያርፋል። በዝግ አቋቋም ግን ያው የኋላ እግር የሚያገኘው ክንዱንና ጀርባውን ነው፤ ጀርባ ነጥብ የለውም። በዝግ ላይ ደረቱን የሚያገኘው የፊት እግር ነው። ስለዚህ ከመምታት በፊት የእሱን የፊት እግር እይ። እሱ እግሩን ሲቀይር አንተም ወይ አብረህ ትቀይራለህ ወይ የምትመታበትን እግር ትቀይራለህ።

የፈተናው አቋቋም ታዲያ ለምን? አፕኩቢ የመድረሻ ቦታ ነው። ማንም ተፋላሚ አፕኩቢ ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ ነገር ግን የኋላ እጁን ጡጫ ግንድ ላይ ያሳረፈበትን ቅጽበት በቪዲዮ አቁማችሁ ብታዩት የፊት ጉልበቱ ታጥፏል፣ የኋላ እግሩ ተዘርግቷል፣ ክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ፊት ላይ ነው። ወደ ኋላ እያፈገፈገ የፊት እግሩን ለማንሳት የሚዘጋጅ ሰው ደግሞ 70 ፐርሰንቱን ኋላ ላይ ጥሏል፤ ያ ድዊትኩቢ ነው። ፈተናው እነዚያን ቅጽበቶች አቁሞ ይለካል። በፍልሚያ ወለል ላይ የሚዘልቁት እነዚህን ሳይንገዳገዱ የሚገቡና የሚወጡ ናቸው።

ነጭ_ዶቦክ፦

ቀበቶውን በተመለከተ።

የቀለሞቹን ትርጉም የጻፉት የአይቲኤፍ መሥራች ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ናቸው፤ ሐሳቡ የአንድ ተክል እድገት ነው። ነጭ ቀድሞ ምንም የማያውቅ ንጹሕ ሰው ነው። ቢጫ ተክሉ ሥር የሚሰድበት አፈር፣ አረንጓዴ የበቀለው ቡቃያ፣ ሰማያዊ ዛፉ ወደ ላይ የሚዘረጋበት ሰማይ። ቀይ አደጋ ነው፤ ለባለ ቀበቶው «ራስህን ግታ»፣ ለተቃራኒው «ራቅ በል» ይላል። ጥቁር የነጭ ተቃራኒ ነው፤ ብስለትን ያሳያል። ልብ በሉ፣ ቀይ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው ለባለቤቱ ነው። ምቱ ጠንክሮ ቁጥጥሩ ያልበሰለበት ደረጃ ስለሆነ አሰልጣኝ ቀይ ቀበቶን ከነጭ ጋር ለፍልሚያ ሲያጣምር ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በወርልድ ቴኳንዶ ክለቦች ቀለሞቹ በብዛት እነዚሁ ናቸው፤ ትርጉሙንም ብዙዎች እንዲሁ ያስተምራሉ። ነገር ግን የቀለም ደረጃን የሚሰጠው ክለቡ ነው። በሴኡል እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ኩኪዎን የሚመዘግበው ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) እና ፑም (የልጆቹ አቻ) ነው፤ ጉፕ አይመዘግብም። ስለዚህ «አረንጓዴው ይቆጠራል ወይ» የሚለውን የሚወስነው ተቀባዩ አሰልጣኝ ነው። አንዳንዱ ከነጭ ያስጀምራል፣ አንዳንዱ ቀበቶውን አስይዞ በጥቂት ወራት ውስጥ ፑምሴውን እንዲያሟላ ያደርጋል። ሁለተኛው ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የእርግጫ ችሎታው አብሮት ይመጣል።

ማሟላት ያለበት ምንድን ነው? ሥርዓቱ ራሱ የተለየ ነው። በአይቲኤፍ የመጀመሪያው ቱል (የፑምሴው አቻ) ቾንጂ 19 እንቅስቃሴ አለው፤ ጉኑን ሶጊና ኒውንጃ ሶጊ ገና እዚያው ላይ ይመጣሉ። በዶሳን ፈረሰኛው ይታከላል፣ የአረንጓዴው ዎንህዮ ደግሞ 28 እንቅስቃሴ ይዞ ይመጣል። በኩኪዎን የመጀመሪያው ቴጉክ (የቀለም ቀበቶዎቹ ፑምሴ) 18 እንቅስቃሴ ሲሆን የሚሠራው በአፕ ሶጊና በአፕኩቢ ብቻ ነው። ድዊትኩቢ የሚመጣው ሦስተኛው ቴጉክ ላይ፣ የነብር አቋቋምና ጁቹም ሶጊ ደግሞ ሰባተኛው ላይ ነው። እንግዲህ ተዛዋሪው አረንጓዴ ሦስቱን ቴጉኮች ሲይዝ የሚያገኘው አዲስ አቋቋም አንድ ብቻ ነው፤ አፕ ሶጊ። ቀሪው ልክ ማስተካከል ነው።

ዕድሜም ይታይ። 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ በኩኪዎን ዳን ሳይሆን ፑም ይሰጠዋል፤ ቀበቶውም ቀይና ጥቁር ነው። ከ1ኛ ዳን ወደ 2ኛ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ 2 ዓመት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ 3 ዓመት ይጠበቃል። ይህም ከ1ኛ እስከ 4ኛ ከ6 ዓመት አያንስም ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ያልመጣ ሰርተፊኬት ካያችሁ ጠይቁ።

ሌላም የተለመደ ወሬ አለ፤ ነጩ ቀበቶ እየቆሸሸ ሄዶ ጥቁር ሆነ የሚባለው። እውነት አይደለም። የዳን ደረጃን ወደ ማርሻል አርት ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1882 ኮዶካንን የመሠረተው የጁዶው ጂጎሮ ካኖ ነው፤ ጥቁሩን ቀበቶም ለባለ ዳኖቹ መለያ ያደረገው እሱ ነው። መካከለኞቹ ቀለሞች በአውሮፓ የተስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1935 ፓሪስ በገባው የጁዶ መምህር ካዋይሺ በኩል ነው። ቴኳንዶ ይህን ሁሉ የወረሰው በካራቴ በኩል ነው። «ቾዳን» ደግሞ መጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው፤ ባለ አንድ ዳን ፊደል ለይቶ የጨረሰ፣ ንባብ የሚጀምር ተማሪ ነው።

ቱምቢ፦

ነጭ_ዶቦክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ አሰልጣኝን ሁሉ «ማስተር» ማለት የአክብሮት ልማድ ነው፣ ክፋት የለውም። በአይቲኤፍ ማዕረግ ግን ማስተር የሚባለው 7ኛና 8ኛ ዳን ነው፤ 9ኛው ግራንድ ማስተር። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያለው ሳቡም፣ አስተማሪ ይባላል። ሰርተፊኬት ሲሞላና ለውድድር ሲመዘገቡ ይህ ልዩነት ይፈለጋል።

አንድ የተረሳ ወጥመድም አለ። በአይቲኤፍ «የቀኝ ጉኑን ሶጊ» ሲባል ቀኝ እግር ፊት ነው፤ «የቀኝ ኒውንጃ ሶጊ» ሲባል ግን ቀኝ እግር ኋላ ነው፣ ክብደቱን በሚሸከመው ስለሚጠራ። በቃል ትእዛዝ ፈተና ላይ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገለበጣል። አዲሱ ክለብ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት አሰልጣኙ ቀኝ ሲል የትኛውን እግር ማለቱ እንደሆነ ጠይቅ።

አረንጓዴ_ቀበቶ፦

ሁሉንም ወረቀት ላይ ገልብጫለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ፦ ቀበቶው የሚታሰረውስ በአንድ ዓይነት ነው?

ነጭ_ዶቦክ፦

አይደለም። በአይቲኤፍ ወገብ ላይ አንድ ዙር ብቻ ይዞራል፤ በወርልድ ቴኳንዶ በብዛት ሁለት ዙር ነው፣ ስለዚህ የአይቲኤፉ ቀበቶ ሊያጥር ይችላል። ከመግዛትህ በፊት ሁለት ጊዜ ጠምጥመህ ሞክረው። የቀበቶውን መሐል እምብርትህ ላይ አድርግ፣ ሁለቱን ጫፎች ከኋላ አሳልፈህ ወደ ፊት መልስ፤ ጀርባ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ እንዲቀመጥ እንጂ እንዳይጣመም። የላይኛውን ጫፍ ከሁለቱም ዙሮች ሥር አስገብተህ ወደ ላይ ሳበው፣ ከዚያ ቋጥረው። ጫፎቹ እኩል መንጠልጠል አለባቸው። አንዱ ከረዘመ ጫፎቹን ይዘህ አትጎትት፤ ፈትተህ መሐሉን እንደገና ፈልግ።